ቀስ ብሎ የሚነሣ ልብ

አባቴ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ባልደረቦቹ «መሰላል» ይሉታል፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ አጥንትና ጅማት ብቻ የሆነ ረጅም ሰው ስለሆነ ነው። ሊፍት ጠጋኝ ሲባል ዕድሜውን በሊፍት ሽቅብ ቁልቁል ሲል የሚኖር ሰው ይመስላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አባቴ የሚጠራው ሊፍቱ ሲቆም ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ያለው ከመጨረሻው ፎቅ በላይ፣ ጣሪያው ሥር በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በየቀኑ ደረጃ ይወጣል። «እዚህ ከተማ ውስጥ ሊፍት የማይሳፈር ሰው ፈልጉ ቢባል መጀመሪያ የምገኘው እኔ ነኝ» ይል ነበር።

ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን ሴት ልጁን አንዳንዴ ይዞኝ ይሄዳል። የሞተር ክፍሉ የግራሶና የሞቀ ብረት ሽታ፣ በትንሿ መስኮት የሚገባው ብርሃን፣ ትልቁ መዘውርና የተጠመጠሙበት ወፋፍራም የብረት ገመዶች እስካሁን ዓይኔ ላይ አሉ። እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን አወጣጡ ነበር። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ፣ እያፏጨ ይወጣል። ላይ ስንደርስም ፉጨቱ አይቆራረጥም። ከኋላችን፣ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ የሥራ ጓደኛው እያለከለከና እያጉረመረመ ይከተለናል። እሱን ደግሞ «ጡብ» ነበር የሚሉት፤ አጭር፣ ደልዳላ፣ አራት ማዕዘን ሰው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ያለህ ሳንባ ነው ወይስ ወናፍ?» ይለዋል ጡብ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ።

አባቴ ይስቅና ቦርሳውን ይከፍታል።

እኔ አድጌ፣ ሥራ ይዤ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ነው አባቴን ጉንፋን የያዘው። ብርቱ ጉንፋን ነበር፤ አልጋ ላይ ጣለው። ተሻለው፣ ተነሣ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ትንፋሹ ግን አብሮት አልተመለሰም። መጀመሪያ ደበቀን። ደረጃ ሲወጣ በየፎቁ ይቆምና የሊፍቱን መጥሪያ ቁልፍ የሚመረምር ይመስል ይነካካዋል፤ ትንፋሹን ሲሰበስብ እንደገና ይወጣል። ጡብ ነገሬ ብሎ አላየውም ነበር። አንድ ቀን ግን ጡብ ሞተር ክፍሉ ደጃፍ ደርሶ ቢያይ ከፊቱ ማንም የለም። ዞር ብሎ ቢያይ ከኋላውም ማንም የለም። በዚያ ሁሉ ዘመን መሰላልን ቀድሞት አያውቅም ነበር።

«ይሄን ቀን ሳልም ነው የኖርኩት፤ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የማስበው» አለኝ በኋላ። «በሩጫ ነው ተመልሼ የወረድኩት።»

ወርዶ ሲፈልገው አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ተደግፏል። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

እናቴ ፀጉር ቤት አላት፤ አንደበቷም እንደ መቀሷ የተሳለ ነው። ጡብ በቀጥታ ሄዶ ነገራት። አባቴ ቤት እንደገባ «ጫማህን አውልቅ» አለችው። አወለቀ። ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥልቅ ቀለበት ሠርቷል፤ በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ላስቲኩ ነው፤ ጠባብ ካልሲ ነው የገዛሽልኝ።»

«ካልሲው ጠቦ ነው እግርህ አብጦ? ትራስ በትራስ ላይ እየደረብክ ተቀምጠህ ስታድር ዝም ያልኩህ አሁንስ ዙፋን አማረው ብዬ ነው?»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው። እኔም ሄድኩ፤ ጡብም ማንም ሳይጠራው መጣ።

የልብ ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ረጋ ብላ የምትናገር፣ ሰው እስኪገባው ድረስ ማስረዳት የማይሰለቻት። አባቴን በጎኑ አስተኝታ ደረቱን በመሣሪያ እያየች ሳለ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። የአባቴን ልብ አየሁት። እንደሚጨብጥና እንደሚዘረጋ እጅ መሆን ነበረበት፤ የአባቴ ግን መጨበጥ ይጀምርና ይተወዋል።

«የጉንፋኑ ቫይረስ የልብዎን ጡንቻ ጎድቶታል» አለችው። «ጡንቻው ሲደክም ደግሞ ልብዎ ሰፍቷል።»

«ድሮም ልበ ሰፊ ነው» አለ ጡብ ከጥግ። «እኔን ይሄን ሁሉ ዘመን በምን የቻለኝ ይመስልዎታል?»

ዶክተሯ ሳቀች። እናቴ ጡብን ገላመጠችው። አባቴ ግን ዓይኑ ስክሪኑ ላይ እንደተተከለ ነው።

«ዶክተር፣ ሰው ቁጭ ሲልና ደረጃ ሲወጣ ልቡ እኩል አይመታም። ለመሆኑ ማነው የሚነግረው?»

ወንበሯን ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርዱ ነርቮች እንዳሉ ነገረችው፤ አንደኛው ቀኑን ሙሉ «ቀስ በል» ሲለው ይውላል፣ ሌላኛው ሲያስፈልግ «ፍጠን» ይለዋል። ደረጃ ልንወጣ እግራችንን ስናነሣ የመጀመሪያው ዝም ይላል፣ ሁለተኛው መናገር ይጀምራል፤ ልብም ወዲያው ይነሣል። «ልብ ግን ማንም ሳይነግረው የሚያውቀው ነገርም አለ» አለች። «እግርዎ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደም ወደ ላይ ይገፋል። ብዙ ደም ሲመጣለት የልብ ግድግዳ ይለጠጣል፤ በተለጠጠ መጠን ደግሞ በርትቶ ይጨመቃል። የመጣለትን ሁሉ መልሶ ይልካል፤ አያከማችም።»

«የእኔስ?»

«የእርስዎ ከልክ በላይ ተለጥጧል። አሁን ቢሞላም በርትቶ አይጨመቅም። ስለዚህ ደም ወደ ኋላ ያቁራል፤ ሳንባዎ ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ እግርዎ ላይ እብጠት ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አባቴ ብዙ ጊዜ ሲደግመው ሰምቻለሁ። ልብ ሲደክም ሰውነት የሚሰማው ደም እንደጎደለ ብቻ ነው፤ ለምን እንደጎደለ አያውቅም። ቆስሎ ደም የፈሰሰው ይመስለዋል። ስለዚህ የቆሰለ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል፤ ውኃና ጨው ይይዛል፣ የደም ሥሮቹን ያጠብባል፣ ልብን «ፍጠን፣ ፍጠን» ይለዋል። ለአንድ ቀን ቢሆን ነፍስ ያድን ነበር። ወራት ሲቆይ ግን ልብን የሚጨርሰው ይኸው እርዳታ ነው።

ውኃውን የሚያሸና ክኒን አዘዘችለት። ሌላው ክኒን ልብን ዝግ የሚያደርግ ነበር። እሱ ላይ አባቴ ተከራከራት።

«ልቤ ደክሟል ብለውኝ ጭራሽ የሚያዘገየው ክኒን?»

«ልብ የሚያርፈውም ለራሱ የሚመገበውም በሁለት ምት መካከል ነው» አለችው። «ሲጣደፍ ያቺ ጊዜ ታጥራለች። እኛ እሷን ነው የምንመልስለት። መጀመሪያ ይከብድዎታል። ይታገሡኝ።»

ታገሣት። ሲጀምረው በእርግጥም ባሰበት፤ ከአልጋ ወደ መስኮት መሄድ ተራራ ሆነበት። እናቴ ክኒኑን ልትጥለው ደርሳ ነበር፤ «ቃል ገብቻለሁ» አላት። ከዚያ ቀስ በቀስ እብጠቱ ሸሸ፣ ትራሶቹ አንድ በአንድ ወደ ሳሎን ተመለሱ። ጨው ከቤታችን ወጣ፤ እናቴ ምግቡን ስትቀምስ ፊቷን ታጨማድድና «እስር ቤት እንኳ እንዲህ አይበላም» እያለች አብራው ትበላለች። በየማለዳው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ በአንድ ሌሊት ክብደቱ ከጨመረ ውኃ መያዙ ነውና ወዲያው ለዶክተሯ ይደውላል። አንድም ቀን ሲሰለች አላየሁትም። የሰው ሊፍት የሚጠብቀውን ያህል ራሱን ጠበቀ ብል ማጋነን አይሆንም። ወደ ሥራም ተመለሰ፤ የታችኞቹን በሮችና ቁልፎች እሱ ይሠራል፣ ሞተር ክፍሉን ጡብ ይወጣዋል። ጡብ በዚያን ጊዜ ነው ሆዱ የጠፋው።

መልካም ዓመታት ነበሩ። ግን አለቁ። ክኒኑ እየተጨመረም ልቡ ወደ ድሮው ድካሙ ተመለሰ፣ ከዚያም አለፈ። በመጨረሻ እየሄደ መናገር አቃተው፤ መናገር ሲፈልግ ይቆማል፣ መሄድ ሲፈልግ ዝም ይላል። መስኮቱ ሥር ወንበር አኖርንለት። እዚያ ተቀምጦ የፊት ለፊቱን ሕንፃ ሊፍት የሚጠባበቁ ሰዎችን ያያል። ዶክተሯ ጠርታን የቀረው መንገድ አንድ መሆኑን ነገረችን፤ የሌላ ሰው ልብ።



«እንግዲህ እኔ እንድኖር ሰው እስኪሞት ልጠብቅ ነው?» አለ አባቴ።

«እርስዎ ስለጠበቁ የሚሞት ሰው የለም» አለችው ዶክተሯ። «የሚሞተው ሰው እርስዎን አያውቅዎትም። ቤተሰቦቹ ግን በዚያ ሁሉ ሐዘናቸው መሀል ለማያውቁት ሰው ይሰጣሉ። እርስዎ የሚጠብቁት እነሱን ነው።»

ስልኩ የተደወለው አንድ ጧት ነው። እናቴ የደንበኛዋን ፀጉር በግራ በኩል ቆርጣ ጨርሳ ወደ ቀኝ እየዞረች ነበር። መቀሱን አስቀመጠች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ወጣች። ሴትዮዋ በግማሽ ፀጉሯ መስታወት ፊት ቀረች። በኋላ እንደሰማነው ፀጉር ቤቱን ራሷ ቆልፋ፣ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ቁልፉን ሆስፒታል ድረስ አመጣች። እናቴ ግማሹን እስክትጨርስላት ሌላ ፀጉር ቤት አልረገጠችም።

ቀዶ ጥገናው ቀኑን ፈጀ። ኮሪደሩ ላይ ጡብ ሲመላለስ ዋለ፤ እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ምሽት ሲቃረብ ቀዶ ሐኪሙ ወጣና ልቡ ገና ደም እንደገባለት በራሱ መምታት እንደጀመረ ነገረን። እናቴ እጁን ጨብጣ አልለቅ አለችው። ብዙ ቆይታ ቃል ሲወጣት «በሕይወቴ ስንት ልብ አውልቅ ሰው አይቻለሁ፤ እንዳንተ ያለ ልብ አውልቅ ግን አላየሁም» አለችው። ሰውዬው በድካም ዓይኑ ሊከደን ደርሶ ነበር፤ የሳቀው ሳቅ ግን ኮሪደሩን ሞላው።

የለጋሹ ስም አልተነገረንም፤ ደንቡ ነው። አባቴ ማን እንደሆነ ለማወቅ አልሞከረም። መናገር በቻለ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቀው ግን «ቤተሰቦቹ እንዴት ሆነው ይሆን?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄው ስለ ምቱ ነበር። ቢተኛም፣ ቢቀመጥም፣ ቢያነብም አዲሱ ልቡ አንድ ዓይነት፣ ፈጠን ያለ ምት ይመታል። ዶክተሯ ስትመጣ ነገራት።

«ነርቮቹ ተቆርጠዋል» አለችው። «ቀዶ ሐኪሙ የደም ሥሮችን ይሰፋል እንጂ እነሱን መስፋት አይቻልም። ‹ቀስ በል› የሚለው ድምፅ ስለማይሰማው ልብዎ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ‹ፍጠን› የሚለውም አይሰማውም።»

«ታዲያ ደረጃ ስወጣ ማን ሊነግረው ነው?»

«ደምዎ። መሮጥዎን የሚነግር፣ ሆርሞን የሚሉት ቅመም ደም ውስጥ ይገባና ዞሮ ልብዎ ይደርሳል። ይደርሳል፤ ግን ይዘገያል።»

አባቴ ይህን በጆሮው ሰማ እንጂ እግሩ አልሰማም። በእንቅስቃሴ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ከጣውላ የተሠሩ ጥቂት ደረጃዎች ነበሩ። ሲያያቸው የድሮ ጠባዩ መጣበት፤ ሁለት ሁለቱን ረግጦ ወጣ። ላይ እንደደረሰ ዓይኑ ጨለመበት፣ ጉልበቱ ታጠፈ። ባለሙያው ብብቱን ይዞ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ እርስዎ እላይ ደርሰዋል፤ ልብዎ ግን ገና መነሣትዎንም አልሰማም» አለው። «መጀመሪያ ባሉበት ቆመው ይርገጡ። እግርዎ ደሙን ይግፋለት፤ ሲሞላ በራሱ ይበረታል። ወሬው ደግሞ እስከዚያ ይደርሰዋል።»

እንዲህ ሆኖ አባቴ እንደገና መሄድን ተማረ። ከአልጋ ከመነሣቱ በፊት ጠርዙ ላይ ቁጭ ይላል። ከመሄዱ በፊት ባለበት ይራመዳል። ሲያቆምም ድንገት አያቆምም፤ እያዘገመ ነው የሚያቆመው። በሕይወቱ ሙሉ ፈጣን የነበረ ሰው ዝግታን እንዲህ ሳያኮርፍ ይቀበላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰውነቱ የእንግዳውን ልብ እንዳይገፋው የሚውጣቸውን ክኒኖችም አንዷን ሳያሳልፍ ይወስዳል፤ «አደራ ነው» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።

ከዝግታው ጋር ሌላም ነገር መጣ። አንድ ቀን እሱና እናቴ ስለ መስኮት መክፈትና መዝጋት ተጨቃጨቁ። ጮኸች፣ ጮኸ፣ ተኮራረፉ፣ ታረቁ። ሻይ ቀርቦ እየጠጡ ሳለ አባቴ ደረቱን ያዘ።

«ምነው?» አለች እናቴ፣ ደንግጣ።

«ምንም አይደል። ልቤ መምታት ጀመረ፤ የጭቅጭቁ ወሬ አሁን ነው የደረሰው።»

«ታርቀን ሻይ ከጠጣን በኋላ? አንተ ሰውዬ ልብ ሳይሆን ልበ ደንዳና ነው የተገጠመልህ።»

የበኩር ልጄ የተወለደች ቀንም እንዲሁ ሆነ። አቀፋት፣ ግንባሯን አየ፣ እንባው ወረደ፤ ልቡ ግን እንደ ወትሮው ይመታ ነበር። ግራ እንደተጋባ በፊቱ አየሁበት። ደስታ ደረት ውስጥ ካልተሰማ የት ነው የሚሰማው? ልጅቷን መልሶልኝ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ በሩን ከፍቶ አንገቱን ብቻ አስገባና «መጣ» አለኝ፣ እጁ ደረቱ ላይ ሆኖ፤ «አሁን መጣ።»

ሥራ የተመለሰው ዶክተሯ ፈቅዳለት ነው፤ ግማሽ ቀን፣ ቀለል ያለውን ብቻ። የሚሠራበት ድርጅት ሊፍት ከሚጠግንላቸው ሕንፃዎች መካከል ከላይ እስከ ታች ክሊኒኮች የሞሉበት አንድ ሕንፃ ነበር። አንድ ቀን ምሳ አብረን ልንበላ እዚያ ቀጠረኝ። ስደርስ መግቢያው አዳራሽ ተተራምሷል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሊፍቱ በሁለት ፎቆች መሀል ቆሟል፤ ውስጡ አንዲት ሴትና ከዓይን ክሊኒክ የምትመልሳት አሮጊት እናቷ አሉ። ጡብ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። ከታች ቢሞክሩት ሊፍቱ አልነሣ ብሏል፤ ላይ ወጥቶ በእጅ ማውረድ ብቻ ነው የቀረው። ለዚያ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ጥበቃው «ጋሼ፣ ፈጠን ይበሉ እንጂ» ይላል። ሰዉ ሁሉ አባቴን ያያል። አባቴ ግን ደረጃው ሥር ቆሞ ባለበት መርገጥ ጀመረ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ጉልበቱን ከፍ እያደረገ። አንዲት ነርስ አፏን በእጇ ያዘች። አንድ ሰው «ይሄ ሰው ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ እየረገጠ እጁን ዘርግቶ ጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ያለውን የሊፍቱን ስልክ አነሣ።

«እማማ፣ ይሰሙኛል? ሊፍት ጠጋኙ ነኝ።»

የአሮጊቷ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ መጣ። «ልጄ፣ ዓይኔ ታሽጓል፤ ምንም አይታየኝም። ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ነው።»

«አትወጣም እማማ። ሲፈሩ መሮጧ ሥራዋ ነው፤ ትሩጥ። እርስዎ ወለሉ ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ልጅዎን ይደገፉ። አየር እንደልብ ይገባል፤ ገመዱም አይበጠስም፣ በእጄ ነው የማውቀው። ትንሽ ይቆያል፤ ግን መጥቼ አወርድዎታለሁ።»

እየረገጠ ብዙ አወራት። ከየት እንደመጣች፣ ዓይኗ ምን እንደሆነ፣ ስንት ልጆች እንዳሏት ጠየቃት። ድምፅዋ እየረጋ መጣ። ከዚያ ስልኩን ለጥበቃው ሰጠና «ነይ» አለኝ።

ደረጃውን አንድ አንዱን እየረገጠ ወጣ፤ አልተቻኮለም፣ አልቆመምም። የፎቆቹ በሮች በጎናችን አለፉ። እኔ፣ ከእሱ በዕድሜ በብዙ የማንሰው፣ ግማሽ ላይ ማለክለክ ጀመርኩ። እሱ ዝም ብሎ ይወጣል። ሞተር ክፍሉ ውስጥ የሊፍቱን ኤሌክትሪክ ከዋናው ማብሪያ አጠፋ፣ መዘውሩ ላይ የእጅ መሪውን ገጠመና ሲጫኑት ፍሬኑን የሚያላቅቀውን ዘንግ አስያዘኝ።

«ጫኚ ስልሽ ጫኚ፣ ልቀቂ ስልሽ ወዲያው ልቀቂ። ሌላ ነገር አታስቢ።»

ጫንኩ። መሪውን ቀስ አድርጎ አዞረ፤ ገመዶቹ ተንቀሳቀሱ። «ልቀቂ።» ለቀቅኩ። «ጫኚ።» እጆቼ በላብ ራሱ፤ የልቤ ምት ጆሮዬ ውስጥ ስለሚደልቅ የአባቴን ድምፅ እንዳያሳጣኝ ፈራሁ። የእሱ ድምፅ ግን እንደ ድሮው ነበር፣ ልጅ ሆኜ ስከተለው እንደማውቀው። ከታች ጥበቃው በደረጃው በኩል «ደረሰ፣ ገጠመ» ብሎ ጮኸ፤ ቀጥሎ የበር መከፈት ተሰማ፣ ከዚያ የሰው ጫጫታ።

ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን። የእኔ ልብ መርጋት ሲጀምር የእሱ ገና ጉዞውን አልጨረሰም ነበር። እጄን ወስዶ ደረቱ ላይ አደረገው። አንድ የማናውቀው ሰው ልብ፣ ከአባቴ የጎድን አጥንት ሥር፣ በኃይልና በሥርዓት ይመታል። እስኪረጋ ድረስ እዚያው ተቀመጥን።

ታች ስንወርድ አሮጊቷ በልጇ ክንድ ተደግፋ ቆማ ትጠብቀን ነበር። የአባቴን ፊት በእጇ ዳስሳ «በጣም ረጅም ነህ ልጄ» አለችው። ጥበቃው ይቅርታ ጠየቀው፤ ያበደ መስሎት እንደነበርም አልደበቀውም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ በእናቴ ፀጉር ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ትሪ ከእጇ አምልጦ ከጀርባው ተንኳኳ። አባቴ ግድግዳውን ይዞ ቆመ፤ ፊቱ ነጥቷል።

«ምን ሆንክ?» አለች እናቴ ወጥታ።

«ደነገጥኩ።»

«ታዲያ ይቅርታ፤ ትሪው ነው።»

«ደነገጥኩ እኮ ነው የምልሽ። ልቤ ወዲያው ዘለለ። እዚያው በዚያው።» እንደዚያ በፍርሃት ነጥቶ እንደዚያ የሳቀ ሰው አላየሁም።

ዶክተሯ አልተገረመችም። በአንዳንድ ሰው ላይ የተቆረጡት ነርቮች በዓመታት ውስጥ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ በከፊልም ቢሆን አዲሱን ልብ ያገኙታል አለች። በሁሉም ላይ አይሆንም። መርምራ ልቡ ከድሮው ቶሎ እንደሚነሣ፣ ቶሎም እንደሚረጋ አሳየችው። ከዚያ በኋላ እናቴ በር ጀርባ እየተደበቀች ማስደንገጥ ልማዷ ሆነ፤ «ነርቩን እያሠለጠንኩለት ነው» ትላለች።

አሁን ከሥራ ወጥቷል። ለክትትል ሆስፒታል በሚሄድባቸው ቀኖች ከሐኪሟ ክፍል ሲወጣ ወደ ቤት አይመጣም፤ አዲስ ልብ የተገጠመላቸው ሰዎች ወደሚተኙበት ክፍል ይወጣል። ባለፈው አብሬው ነበርኩ። አንዲት ልብስ ሰፊ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለመቆም ፈርታ ነበር።

«ብወድቅስ?» አለችው።

«እኔ ወድቄያለሁ፤ የወደቅኩትም ስለቸኮልኩ ነው» አላት። «እግርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ። መቆሙን በኋላ እናወራዋለን።»

እግሯን አወዛወዘች። እሱ አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስለ ስፌት ይጠይቃት ጀመር፤ የትኛው ጨርቅ እንደሚያስቸግር፣ እንደ እሱ ላለ ረጅም ሰው ሱሪ መስፋት እንዴት እንደሆነ። ብዙ ቆይተው ተነሡና ኮሪደሩን ይዘው አዘገሙ፤ እጇ ክንዱ ላይ ነው። እናቴ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ምሳው ሊበላሽ ነው» አለችኝ። «ይሄ ሰውዬ ዛሬም እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ሊወስዳት ነው።»

ይህን ብላ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።